የግራዝማች አሥራ ዘጠኝ ፖሞች

ጥቅምት አሥራ ስምንት ቀን ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ከቀኑ በአሥር ሰዓት፣ የእድሩ ጥሩምባ በኮልፌ ሦስት ጊዜ ተነፋ። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ወንዶች ባርኔጣቸውን አወለቁ። በሽተኛ ያለበት ቤት ሁሉ ዞር ብሎ በሽተኛውን አየ። ጥሩምባ ነፊው ጉሮሮውን ጠረገና ድምፁን አወፍሮ፣

“የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የግራዝማች ሀብተማርያም ፖም ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ይቀጠፋል! የተጠራችሁ እንዳትቀሩ!” አለ።

ነጠላዎቹ ተመልሰው ተስተካከሉ። አንዲት ሴትዮ ለለቅሶ ያዘጋጀችውን ፊት ምን እንደምታደርገው ቸግሯት ትንሽ ቆመችና ወደ ቤቷ ገባች።

በማግስቱ ገና ሲነጋ ግራዝማች ጋቢያቸውን ደርበው ወደ ጓሮ ወጡ። ዛፉ አለ። ቅጠሉ አለ። ትናንት በጣታቸው እየነኩ የቆጠሯቸው አሥራ ዘጠኝ ፖሞች ግን አንዳቸውም የሉም።

መቶ አለቃ ጉልላት ሲደርስ እንግዶቹ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ባዶውን ዛፍ ከበው ቆመዋል። ጉልላት በሠፈሩ ፖሊስ ጣቢያ የወንጀል ምርመራ ሹም ነው፤ ረጅም፣ ሰው ሲያናግረው አንገቱን ዘመም አድርጎ የሚሰማ፣ የሰማውን ሁሉ በግማሹ የሚያምን።

“ከእንግሊዝ አገር የመጣ ፖም መሆኑን ታውቃለህ?” አሉት ግራዝማች፣ የተሰረቀው ዕቃ ክብር ከሌባው ማንነት በፊት እንዲመዘገብላቸው ፈልገው።

“አውቃለሁ ግራዝማች። አምና ጋብዘውኝ ቀምሻለሁ።”

“እና?”

“እንደ ማር ነው።”

ከበው የቆሙት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ማር ነው እንጂ!” “ማር ምን ያደርጋል ከሱ ጋር!”

የዛፉን ታሪክ ሠፈሩ በቃሉ ያውቀዋል። የተከለው ሚስተር ሃርፐር የሚባል እንግሊዛዊ መምህር ነው። ቅርንጫፉን ከአገሩ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ አምጥቶ እዚህ በበቀለ ግንድ ላይ ቀጠለው፤ ከግንዱ ላይ “አሽሚድ” የሚል የቆርቆሮ ምልክት አንጠለጠለበት። ዘሩ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ በአገሩ ትልልቅ ሰዎች ከእራት በኋላ የሚበሉት ነው ይባላል። ሚስተር ሃርፐር ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አገሩ ሲገባ ቤቱን ከነዛፉ ለግራዝማች ሸጠ፤ ወጥ ቤቷ እትዬ አልማዜም እዚያው ቀሩ። ግራዝማች አሽሚድን የአንድ መስፍን ስም አድርገው ስለያዙት በየዓመቱ ለጤናው ይጠጡለታል።

ሥርዓቱም የታወቀ ነው። ግራዝማች በገዛ እጃቸው ይቀጥፋሉ፤ ወዲያው ሳሎን ገብተው ለእያንዳንዱ እንግዳ ፊት ለፊቱ ቆርሰው ይሰጣሉ። እንግዳው እያዩት ይጎርሳል፤ ይመሰክራል። እሳቸውም በመጨረሻ አንድ ጎርሰው፣ ራሳቸውን በእርካታ ነቅንቀው፣ ነፋስ ለመቀበል መስኮቱን ከፍተው ጥቂት ይቆማሉ። ዘንድሮ ደግሞ አምስቱን ወደ ንጉሡ ግቢ ሊልኩ ቆርጠው ነበር። መጠቅለያው የሐር መሀረብ እንኳ ተገዝቷል።

ጉልላት ዛፉን ዞረው። መሬት ላይ የረገፈ ቅጠል የለም፤ የተሰበረ ጭራሮ የለም። ሌባ ይገነጥላል። ይህኛው ግን እያንዳንዷን በመዳፉ ደግፎ፣ ወደ ላይ ሰቀል አድርጎ፣ ጠምዘዝ አድርጎ ነው የወሰዳት፤ ከዶሮ ሥር እንቁላል እንደሚያነሱ። አጥሩ ላይ የተተከለው የጠርሙስ ስባሪ አልተነካም። በሩ ከውስጥ እንደተቆለፈ ነው ያደረው። ማስታወሻው ላይ፣ “ሌባው አልቸኮለም” ብሎ ጻፈ።

ወጥ ቤቱን ፈተሸ። የተንጠለጠለ ሽንኩርት፣ የቅቤ ቅል፣ ጥግ ላይ ጭድ የለበሰ የድንች ቅርጫት። እትዬ አልማዜ ከስድሳ ያለፉ ቀጭን ሴት ናቸው፤ ሽንኩርት መክተፋቸውን ለፖሊስ ብለው አላቋረጡም።

“እትዬ፣ ሌሊት ድምፅ ሰምተዋል?”

“የግራዝማችን ማንኮራፋት ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ቢኖርም አይሰማም።”

“ፖሙንስ ይወዱታል?”

“ከግራዝማች እጅ በልቼ አላውቅም” አሉና ሽንኩርቱን ወደ ድስቱ ገለበጡት።

ከበሩ አጠገብ ባለችው ክፍል ዘበኛው ይመር ከሚስቱ ከካሳነሽና ጡት ከሚጠባ ልጃቸው ጋር ይኖራል። ጉልላት ሲገባ ይመር ተነስቶ ቆመ።

“ሌሊት ምን አየህ?”

“ምንም ጌታዬ። ተኝቼ ነበር።”

የጉልላት እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ቀረ። በዘጠኝ ዓመት አገልግሎቱ ከአርባ የማያንሱ ዘበኞች መርምሯል። አንዱ በሚጠብቀው ቤት ሌባ ግድግዳ ቆርጦ ገብቷል፤ ሌላው በሚጠብቀው ቤት አልጋ ከነፍራሹ ወጥቷል። ተኝቼ ነበር ያለ ዘበኛ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመውም።

“እርግጠኛ ነህ?”

“እንደ ሞተ ሰው ነው የተኛሁት።”

ካሳነሽ ዐይኗን ከመሬት አላነሳችም። ከደጅ የግራዝማች ድምፅ መጣ፦ “ይኸው አመነ! ምን ትጠብቃለህ፣ እሰረው!”

ይመር ታሰረ። ጉልላት ግን አላመነውም። ይህ ሰው የሚደብቀው ነገር ከእንቅልፍ የባሰ መሆን አለበት።

*

መጀመሪያ የተጠረጠሩት የአጥር ጎረቤቱ አቶ ቀለመወርቅ ነበሩ። የትምህርት ቤት ዲሬክተር ናቸው፤ ከግራዝማች ጋር በሁለት ክንድ መሬት አራት ዓመት ተካስሰዋል፤ በየዓመቱም የፖሙ ተጋባዥ ናቸው። በእድር ስብሰባ ላይ፣ “የዛፉ ጥላ የሚያርፈው እኔ ግቢ ነው፤ ፍሬውም ይገባኛል” ማለታቸውን ብዙ ሰው ሰምቷል።

“ዘነበወርቅ ሠፈር ለቅሶ ቤት ነው ያደርኩት” አሉ አቶ ቀለመወርቅ። “ጠይቅ።”

ጉልላት ጠየቀ። ሐዘንተኛ ሲያጽናኑ ሳይሆን ካርታ ሲጫወቱ ማደራቸውን ሠላሳ ሰው መሰከረ። ያሸነፏቸው ሰዎች በተለይ በደስታ መሰከሩ።

“አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ፖሙ ይጣፍጣ…”

“እንደ ማር!” አሉ አቶ ቀለመወርቅ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

በስድስተኛው ቀን አስር አለቃ ወልደሰንበት አንድ ነጋዴ ከነጆንያው እየገፋ ጣቢያ ገባ። ወልደሰንበት ታዛዥ ሰው ነው፤ ተሳስቶም ይታዘዛል።

“ተይዟል ጌታዬ! እርስዎ በነገሩኝ መልክ ነው፦ ቡናማ፣ ሻካራ፣ ክብ፣ መሀል ላይ ጎድጎድ ያለ።”

ጉልላት ጆንያውን ፈታ።

“ወልደሰንበት፣ ይኼ ድንች ነው።”

“መልኩ ግን…”

“ድንች ነው።”

“እኔስ ምን እያልኩ ነው ከገበያ እስከዚህ ድረስ?” አለ ነጋዴው። ነገሬ ይባላል፤ በገበያው ትንሽ ሱቅ ያለው፣ ቀልድ የማይቸግረው ሰው ነው። “‘ስምህ ማነው’ ቢለኝ ‘ነገሬ’፤ ‘ይኼስ ምንድነው’ ቢለኝ ‘ድንች’፤ ‘ሁለቱንም ጣቢያ ታስረዳለህ’ አለኝ። ጌታው፣ ከግራዝማች ቤት ምን አጣልቶኝ? ደንበኞቼ ናቸው። ትናንትና እንኳ እትዬ አልማዜ ሁለት ኪሎ ድንች ወስደዋል፤ አምና ባልሳሳት በዚህ ወቅት አንድም አልገዙኝ።”

“ሂድ፣ በቃ” አለው ጉልላት። ወልደሰንበት ጆንያውን አሸክሞ እስከ በሩ ሸኘው። ጣቢያው ለሁለት ቀን ሳቀ። ጉልላትም ሳቀ፤ ሲስቅም የሰማውን አልጻፈውም።

*

ቀኑ ሄደ። ዳኛው የጊዜ ቀጠሮ ሰጡ፤ ከዚያ ሌላ ጨመሩ። የጣቢያው አዛዥ ሻምበል ጉልላትን ጠርተው፣ “ግራዝማች በስልክ አሰልችተውናል። ኅዳር አሥራ ሦስት መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል፤ ልጁም ከርቸሌ ይወርዳል” አሉት። ግራዝማችም በበኩላቸው ካሳነሽ በዚያው ቀን ክፍሏን እንድትለቅ ነግረዋታል። የምትሄድበት የላትም። ከወሎ ስትመጣ የምታውቀው ይመርን ብቻ ነበር።

እትዬ አልማዜ በየቀኑ በስድስት ሰዓት አገልግል ይዘው ጣቢያ ይመጣሉ። ፍተሻው የወልደሰንበት ሥራ ነው።

“ዛሬም ዶሮ ነው ጌታዬ” አለ አንድ ቀን፣ ክዳኑን ሳይወድ እየመለሰ። “እኛንም ማን ባሰረን።”

“ለዘበኛ በየቀኑ ዶሮ?” ሲል ጉልላት አልማዜን ጠየቃቸው።

“የክርስትና ልጄ አባት ነው። ደግሞስ ዶሮው ያንተ ነው?”

ጉልላት ያን ቀን ይመርን አስጠራው። ልጁ ወፍሯል፤ እስር የተስማማው እስረኛ ሲያይ የመጀመሪያው ነው።

“ስማ ይመር። ይኼ ቀልድ አይደለም። ኅዳር አሥራ ሦስት ከርቸሌ ትወርዳለህ። ሚስትህም ሜዳ ላይ ትወጣለች። የምታውቀውን ንገረኝ።”

ይመር በጣቶቹ አሰበ። “አሥራ ሦስት? ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ማለት ነው?”

“በማግስቱ።”

“እንግዲያስ ደግ” አለና ትንፋሹን ለቀቀ።

ጉልላት አንገቱን ዘመም አደረገ። ከርቸሌ ትወርዳለህ ሲባል ተመስገን የሚል ሰው የሚጠብቀው ነገር አለው። የሚጠብቀውም ሚካኤል ሳያልፍ የሚደርስ ነው።

*

ኅዳር አሥር ቀን ጉልላት ለብቻው ግራዝማች ግቢ ተመለሰ። ከሳሎኑ መስኮት ሥር ተነስቶ በመውጫው መንገድ ዳር እስከ በሩ የሚዘልቅ የጎርፍ ቦይ አለ፤ እስካሁን ማንም አልፈተሸውም። ሌባው ፖሙን እዚያው በልቶ ከሆነ ዘር ያለበትን እንብርቱን ሳይጥል አይቀርም ብሎ ጎንበስ አለ።

እንብርት አላገኘም። ያገኘው ችግኝ ነው።

መጀመሪያ አንድ አየ፤ ቀጥሎ ሁለት፤ ከዚያ መቁጠሩን ተወው። ግማሹ እስከ ጉልበት ደርሷል፤ ግማሹ ገና የዘንድሮ ክረምት ያበቀለው ነው። ቅጠሉን ያውቀዋል፤ ሃያ ቀን ከዛፉ ሥር ሲመላለስ ከርሟል። አቶ ቀለመወርቅ ሲወጡ እግራቸውን አስደግፈው ጫማቸውን የሚያስሩበት ድንጋይ ሥር ሦስት ፖም በቅሏል። ወይዘሮዎቹ ነጠላቸውን የሚያስተካክሉበት መታጠፊያ ላይ አምስት። ከበሩ አጠገብ ደግሞ፣ አምና ራሱ ያስነጠሰው መስሎ መሀረቡን ያወጣበት ቦታ ላይ፣ አንዲት የስንዝር ችግኝ ቆማለች። ጉልላት ትክ ብሎ አያት። አባትነቱን ለመካድ የሚያስችለው ማስረጃ አልነበረም።

ያ ጉርሻ ጥርሱ ላይ መጣበት። ጥርስ የሚያደነዝዝ ኮምጣጣ፣ እንደ ጥሬ ዱባ የጠጠረ ነበር። ነገር ግን የእድገት ማመልከቻው የግራዝማችን የድጋፍ ደብዳቤ ይጠብቅ ነበርና፣ “እንደ ማር” አለ። ሌሎቹም እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ደብዳቤ ሳይኖራቸው አይቀርም።

ወደ ሳሎኑ መስኮት ዞረ። እዚያ ያለው ችግኝ ሳይሆን ጫካ ነው፤ ሃያ ሠላሳ ግንድ ተፋፍጎ ይጋፋል። ከዚያ መስኮት በስተጀርባ ያለው ወንበር የማን እንደሆነ የማያውቅ ኮልፌ ውስጥ የለም።

ጉልላት ከቦዩ ዳር ተቀምጦ አሰበ። ያን ፖም አንዴ የቀመሰ ሰው ሌሊት ተነስቶ አይሰርቀውም። ስለዚህ ሌባው ወይ ጨርሶ ያልቀመሰው ነው፤ ይህ ወደ ይመር ይመልሰዋል። ወይ ደግሞ በሌላ ጣዕም የሚያውቀው ሰው ነው። ከእንግዶቹ ሁሉ፣ ከምስክሮቹ ሁሉ፣ ‘እንደ ማር’ ያላለው ማነው?

“ከግራዝማች እጅ በልቼ አላውቅም።”

ከማን እጅ በልተዋል ታዲያ? እና ቅርጫት ሙሉ ድንች እያላቸው፣ ነገሬ እንዳለው፣ ሌላ ድንች የሚገዙት ለምንድነው?

*

በማግስቱ ወጥ ቤት ሲገባ እትዬ አልማዜ ለሚካኤል ዝክር ሽንኩርት እየከተፉ ነበር። ጉልላት ወደ ጥጉ የድንች ቅርጫት ሄዶ እጁን ጭዱ ውስጥ ከተተ።

መጀመሪያ የወጣው ሽታው ነው፤ ቀጥሎ አንድ ፖም። ቆዳው ትንሽ ተጨማዷል፤ ከቡናማው ሥር ቢጫ ሆኗል።

ቢላዋው ቆመ።

“ከሚስተር ጋር አሥራ ሦስት ዓመት ኖሬአለሁ” አሉ አልማዜ፣ ሳይዞሩ። “አንድ ቀን ከዛፍ ላይ ቀጥፎ ሲበላ አላየሁም። ‘አልማዜ፣ ይኼ ፖም ዛፍ ላይ አያልቅም፤ ጭድ ውስጥ ነው የሚያልቀው’ ይለኝ ነበር። ሦስት ሳምንት፣ ከዚያም በላይ። ለግራዝማች የመጀመሪያው ዓመት ነገርኳቸው። በእንግዳ ፊት፣ ‘ፍሬ እንደ ጠላ ይጠነሰሳል እንዴ?’ አሉኝ። ተሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ ዝም አልኩ።”

“ዘንድሮስ?”

“ዘንድሮ ግቢ ሊልኩት ነዋ! ያን ኮምጣጣ! እዚያ አንድ ትልቅ ሰው ፊቱን ቢያጨማድድ እኚህ ሰውዬ ምን ይውጣቸዋል? ለሚካኤል ዝክር በስሎ ጠረጴዛ ላይ ይቅረብላቸው፣ ያኔ ይፍረዱ አልኩ።”

“ይመርስ?”

“መሰላሉን የያዘልኝ እሱ ነው።” ዞረው አዩት፤ ዐይናቸው ቀልቷል፤ ሽንኩርቱ ብቻ አልነበረም። “አንድ ሁለት ቀን ይጠይቁኝና ይለቁኛል አለ። አለመልቀቃችሁን ሳይ ልናገር ተነሳሁ። ‘እርስዎ ከዚህ ቤት ቢወጡ የት ይገባሉ? እኔ እንደሁ እስር ቤት ዶሮ እየበላሁ ነው’ ብሎ አስማለኝ። ነገ ካልተፈታ ግን መሐላዬን አፍርሼ ልመጣ ነበር። አሁንም ውሰደኝ። እሱን ልቀቀው።”

በሕጉ መሠረት ጉልላት ቅርጫቱን አሽጎ፣ ሴትዮዋን ይዞ መሄድ ነበረበት። ፖሙን ወደ ጭዱ መለሰው።

“ነገ እንግዳ በስንት ሰዓት ነው የሚቀመጠው?” አለ።

*

በኅዳር ሚካኤል ሳሎኑ ሞልቷል። ዝክሩ ተበልቶ፣ ተመርቆ፣ ጠበሉ ከተቀመሰ በኋላ ጉልላት ኮፍያውን ይዞ ከመሀል ቆመ። ከፊቱ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ሳህን አለ።

“ግራዝማች፣ አሥራ ዘጠኙም ፖሞች ተገኝተዋል።”

ቤቱ ተንጫጫ። ግራዝማች ከወንበራቸው ተነሱ።

“ማነው? ይመር ነው አይደል?”

“እሱ ከመነገሩ በፊት አንድ ሥራ ይቀረኛል። የተገኘው ዕቃ የተሰረቀው ዕቃ መሆኑን የሚያውቁት ሰዎች ማረጋገጥ አለባቸው። እዚህ ያላችሁት አሥራ ሁለት ሰዎች ጣዕሙን ታውቁታላችሁ፤ እንደ ማር መሆኑን ቃላችሁን ሰጥታችሁ ፈርማችኋል። እኔም ፈርሜአለሁ። ቀምሳችሁ፣ ያው ነው ወይም አይደለም በሉ።”

ጨርቁን ገለጠ። እትዬ አልማዜ በሩ ላይ ቆመው እጃቸውን በመቀነታቸው ውስጥ ጠቅልለዋል።

ቁራሹ ዞረ። እንግዶቹ የለመዱትን ፊት አዘጋጁ፤ ትከሻቸውን አጠነከሩ፤ አንዳንዱ መሀረቡን ዳበሰ። ጎረሱ።

‘እንደ ማር’ ያለ ሰው አልነበረም።

ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የመንጋጋ ድምፅ ብቻ ሆነ፤ እሱም እየቀነሰ፣ እየዘገየ ሄደ፣ እንዲያልቅ እንደማይፈልግ። አንዲት ወይዘሮ ዐይኗን ጨፈነች። አቶ ቀለመወርቅ፣ አራት ዓመት የተካሰሷቸው ግራዝማች እያዩዋቸው፣ እጃቸውን ለሁለተኛ ቁራሽ ዘረጉ።

“ታዲያ” አለ ጉልላት ቀስ ብሎ፣ “ከዚህ በፊት የቀመሳችሁት ይኼ ነው?”

ነው የሚል ጠፋ። አይደለም የሚልም ጠፋ።

“እንግዲያ ያ ምን ነበር…” አሉ አቶ ቀለመወርቅ ለራሳቸው፣ ከዚያም እንደተሰሙ ገባቸውና ጫማቸውን ተመለከቱ።

ግራዝማች ከሳህኑ አንድ ቁራሽ አንስተው ጎረሱ። ሳያስቡት፣ እግራቸው እንደለመደው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ ወደ መስኮቱ ሄዱና ከፈቱት።

በዚያ ቤት ውስጥ ያ መስኮት ለምን እንደሚከፈት የማያውቅ አልነበረም። ሁሉም ዐይኑን ወደ ሳህኑ ጣለ።

ግራዝማች ጀርባቸውን ሰጥተው ረጅም ጊዜ ቆሙ። ወደ ታች፣ ወደ ቦዩ፣ ወደዚያ ጫካ እያዩ አላመጡ። ከዚያ፣ ሳይተፉ፣ ዋጡት። መስኮቱን በቀስታ ዘጉት።

“መቶ አለቃ” አሉ፣ ሳይዞሩ። “ክሴን አንስቻለሁ። ሂድና ልጁን ፍታው።”

ከዚያ ወደ በሩ ዞሩ።

“አልማዜ፣ ለይመር አንድ ሙሉ አስቀሪለት።”